ቁጥሩ የማን ነው?

የዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ገብቶ «እስቲ የአይፒ መዝገባችሁን አሳዩኝ» ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከፈትለት አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ቁጥር፣ ቀጥሎ የማሽኑ ስም፣ ከዚያ ሕንፃ ወይም የትምህርት ክፍል፣ በመጨረሻ «ባለቤት»። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 254 ተሰልፈው ይወርዳሉ። ባለቤት በሚለው ሥር ግን ገሚሱ ባዶ ነው፤ የተሞላውም ጡረታ የወጣ፣ ለዶክትሬት ሄዶ የቀረ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስም ነው። ቁጥሩ ግን አሁንም ይሠራል፤ ፒንግ ሲደረግ ይመልሳል። ማን እንደሚጠቀምበት የሚያውቅ ስለሌለ ሊሰርዘው የሚደፍር የለም።

ነገሩን የአንድ ተቋም ስንፍና አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ዕድሜው ኢንተርኔት ከሚባለው ስም ይበልጣል። ቁጥር ማደሉን ሶፍትዌር ከተረከበው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማወቁ ግን ዛሬም የሰው ሥራ ነው። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለማየት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙ መራቅ አያስፈልግም፤ ታሪኩ ከሞላ ጎደል እዚያው ተጀምሮ እዚያው የኖረ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም፣ በምህጻሩ ወደ ኤስአርአይ፣ የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሁለት ፊደል እንደሄደ ማሽኑ ወደቀ። በዓመቱ መጨረሻ መልእክቱ የተላከበት ኔትወርክ፣ አርፓኔት፣ አራት ጣቢያዎች ነበሩት፤ ከኤስአርአይ በቀር ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። አድራሻው በጠቅላላው 8 ቢት ሲሆን 6ቱ የጣቢያው ቁጥር፣ 2ቱ ደግሞ በጣቢያው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ቁጥር ነበሩ። በአንድ ጣቢያ ከአራት ማሽን በላይ ማሰር አይቻልም ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሩ የሚታወቀው ኬብሉ ከተሰካበት ቀዳዳ ነው። ማሽኑን ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ የሰካ ሰው ቁጥሩንም ለወጠ። «አድራሻ» የቦታ ምልክት ይሁን የማሽኑ መታወቂያ የሚለው ጥያቄ ያኔ በግልጽ ባይነሳም መልሱ ተሰጥቶ ነበር። ቁጥር የቦታ ነው።

ስም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ቁጥር ስለማይወድ እያንዳንዱ ጣቢያ ሌሎቹን በራሱ የቅጽል ስም ይጠራ ጀመር፤ አንዱ ማሽን በአንድ ግቢ አንድ ስም፣ በሌላው ሌላ ስም ይዞ ተገኘ። ሴፕቴምበር 1971 የማይተር ድርጅት ባልደረባ ፔጊ ካርፕ ስሞቹ አንድ ወጥ ይሁኑ የሚል አጭር ሰነድ አሰራጨች። ከሁለት ዓመት በላይ ጉዳዩ ተንጠለጠለ፤ በ1973 መጨረሻና በ1974 መጀመሪያ ነው አንድ ኦፊሴላዊ ዝርዝር በአንድ ቦታ ይቀመጥ የተባለው።

ቦታው ኤስአርአይ ሆነ፤ ያዧም ኤልዛቤት ፋይንለር። ፋይንለር በትምህርቷ የባዮኬሚስትሪ ሰው ነበረች፤ ወዳጆቿ ጄክ ይሏታል። በ1972 ወደ ኔትወርኩ የመረጃ ማዕከል ገብታ እስከ 1989 መራችው። ሥራው ሲታይ የእድር ጸሐፊ ሥራ ነበር፤ አዲስ የመጣውን መመዝገብ፣ የለቀቀውን መሰረዝ፣ ሁለት ሰው አንድ ስም ሲፈልግ መዳኘት። ፋይሉ ሆስትስ.ቲኤክስቲ ይባላል። የማዕከሉ የራሱ ኮምፒውተር በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚያ ፋይል ውስጥ እንዲህ ተመዝግቦ ነበር፤ ሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 26.0.0.73 እና 10.0.0.51፣ ሁለት ነጥብ፣ ኤስአርአይ-ኤንአይሲ፣ ቀጥሎ የማሽኑ ዓይነት፣ የሚሠራበት ሥርዓት፣ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች። አንድ ማሽን፣ አንድ መስመር። ማሽን የጨመረ ግቢ ለማዕከሉ ኢሜይል ይልካል ወይም በሥራ ሰዓት ይደውላል፤ ማዕከሉ ፋይሉን ያድሳል፤ የተቀሩት ጣቢያዎች ሁሉ አዲሱን ቅጂ እየመጡ ይወስዳሉ። ቁጥሩን በማደል በኩል ደግሞ ጆን ፖስቴል ነበር፤ በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ለማን ምን እንደተሰጠ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላ ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር ሠርቷል። እስከ 1998 ዕረፍቱ ድረስ የዓለም የቁጥር መዝገብ ከእጁ አልወጣም።

ያ ዘዴ በትንሽ ሰፈር ያስኬዳል። በኦገስት 1981 ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች 213 ብቻ ነበሩ። ማሽን ሲጨምር ግን ፋይሉም ይረዝማል፣ ፋይሉን የሚወስዱትም ይበዛሉ፤ ሸክሙ ያደገው በማሽኖቹ ቁጥር ልክ ሳይሆን በስኩዌሩ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ኔትወርኩ በሙሉ ዛሬ ወደምንጠቀምበት ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲዞር ችግሩ ገፍቶ መጣ። ፖስቴል ጉዳዩን ለፖል ሞካፔትሪስ ሰጠው፤ በኖቬምበር 1983 ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ሥርዓት፣ ዲኤንኤስ፣ በሁለት ሰነድ ወጣ። የሐሳቡ እምብርት ቴክኒክ ሳይሆን አስተዳደር ነው። አንድ ጸሐፊ ሁሉንም መመዝገቡን ትቶ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ቅርንጫፍ ራሱ ይያዝ። በ1984 አራት የበርክሊ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ባይንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ሶፍትዌር ጻፉ። ኤፕሪል 24 ቀን 1985 በርክሊ፣ ካርኔጊ ሜለን፣ ፐርዱ፣ ራይስና የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የኢዱ ስሞች ወሰዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ካምፓስ የራሱ ፋይንለር ያስፈልገው ነበር። የብዙዎቹ ዕድል ግን ሥራውን በተጨማሪነት የሚሠራ አንድ ባለሙያ ማግኘት ሆነ።

የዚህ ባለሙያ መሣሪያ የተቋሙ ስሞችና ቁጥሮች የሚጻፉበት የዞን ፋይል ነው። የቆዩ የኔትወርክ ሰዎች ሲገናኙ ስለ ዞን ፋይል የማያማርሩበት ጊዜ የለም፤ ትክክልም ናቸው። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ሙሉ ስም በነጥብ ካላለቀ ሶፍትዌሩ «ይህ ስም አላለቀም» ብሎ የተቋሙን ስም በጭራው ይቀጥልበታል። ፕሪንተሩ በአንዲት ነጥብ ጉድለት የዩኒቨርሲቲውን ስም ሁለት ጊዜ ተሸክሞ ይገኛል፤ ማንም አያገኘውም። ቀጥሎ ተከታታይ ቁጥር የሚባል አለ። ፋይሉ በተነካ ቁጥር ይህ ቁጥር መጨመር አለበት፤ ካልጨመረ ተጠባባቂው ሰርቨር ለውጥ እንዳለ አያውቅም፤ ከቀነሰ ደግሞ አሮጌ ቅጂ መጣብኝ ብሎ ዝም ይላል። ልማዱ ቀኑን በቁጥር መጻፍ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር አንዱ ባለሙያ በአውሮፓ አቆጣጠር 2024031501 ብሎ ከጻፈ በኋላ ባልደረባው በማግስቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2016070701 ቢል፣ ሰርቨሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል። የስህተት ደወል አይሰማም፤ አዲሱ ስም ግማሹ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ግማሹ ውስጥ አይሠራም።

በዚህ ላይ መዝገቡ ሁለት ነው። አንደኛው ከስም ወደ ቁጥር ይወስዳል፣ ሁለተኛው ከቁጥር ወደ ስም ይመልሳል፤ ሁለተኛው ላይ ቁጥሩ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው፣ 10.20.30.40 የነበረው 40.30.20.10 ሆኖ። በዲኤንኤስ ውስጥ ሁለቱን በራሱ የሚያስታርቅ ሥርዓት የለም። አንዱ ታርሞ ሌላው ሳይታረም የቀረበት ማሽን ኢሜይል ሲልክ ተቀባዩ ሰርቨር «ይህ ሰው ነኝ የሚለውን አይደለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመለስ፣ የ1981ዱ የአይፒ ደንብ 32 ቢት አድራሻ ሰጠ፤ ወደ 4.3 ቢሊዮን ቁጥር። ለዚያ ጊዜ የማያልቅ ሀብት ይመስል ነበር። አከፋፈሉም በሦስት መደብ ነበር፤ ክላስ ኤ የያዘ 16 ሚሊዮን፣ ክላስ ቢ የያዘ 65 ሺህ፣ ክላስ ሲ የያዘ 254 ማሽን ያስመዘግባል። ኤምአይቲ በ18 የሚጀምረውን ቁጥር በሙሉ፣ ስታንፎርድ በ36 የሚጀምረውን በሙሉ ወሰዱ። በርክሊ 128.32፣ ሜሪላንድ 128.8። ካምፓሱ ሰፊ መሬት እጁ ከገባ በኋላ እንዴት ይሸንሽነው? በስታንፎርድ የነበረው ጄፍሪ ሞገል በ1984 ሰብኔት የሚባለውን አሠራር ሐሳብ አቀረበ፤ በ1985 ደንብ ሆነ። ብዙ ግቢዎች ሦስተኛውን ቁጥር ለሕንፃ ሰጡ። ቁጥሩን ያየ ባለሙያ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ ያማረ ነገር ነበር። ችግሩ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሲቀይር ነው። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ማዶ ሕንፃ ሲገባ አሮጌው ቁጥር አይሠራም፤ አዲስ ይሰጠዋል፤ አሮጌው ግን ከመዝገብ አይሰረዝም፣ ምክንያቱም ለቅቄያለሁ ብሎ የሚያስታውቅ ሰው የለም። የኤክሴሉ ባዶ ዓምድ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ስም አወጣጥም የራሱ ጣጣ አለው። በ1990 ዶን ሊብስ የተባለ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባልደረባ ለኮምፒውተር ስም አወጣጥ ምክር የሚሰጥ ሰነድ አወጣ፤ እስካሁን የሚነበብ ነው። ማሽንን በራስህ ስም አትጥራ፣ በፕሮጀክቱ ስም አትጥራ፣ በየዕለቱ አፋችን ላይ ባለ ተራ ቃልም አትጥራ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ማሽኑ ይቀራል። ይልቅ አንድ ሰፊ ጭብጥ መርጦ ከዚያ ስም መቅዳት ይሻላል፤ ተረታዊ ቦታ፣ ቀለም፣ የኬሚስትሪ ንጥረ ነገር። የእኛ ሰው ቢሆን ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐይቅ፣ አባያ ብሎ አሥር ሰርቨር በሐይቅ ስም ሞልቶ አሥራ አንደኛው ላይ ወንዝ መጨመር ይጀምራል። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ «ሰርቨር1፣ ሰርቨር2፣ አዲሱሰርቨር» ከማለት በብዙ ይበልጣል። «አዲሱሰርቨር» የሚባል ማሽን አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ ምን ሊባል ነው?

ይህ ሁሉ እስካሁን የመዝገብ ንጽሕና ጉዳይ ነበር። የ1983ቱ የበርክሊ ዩኒክስ ግን ለቁጥርና ለስም አዲስ ሥልጣን ሰጣቸው። አርሎጊን በሚባለው ትእዛዝ አንድ ኮምፒውተር ሌላውን በስሙና በአድራሻው ብቻ አምኖ ያለ የይለፍ ቃል ያስገባ ጀመር። በትንሽ ላብራቶሪ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሲያውቅ ምቹ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ግን የኮርኔል ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የጻፈው ትል፣ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም፣ ከኤምአይቲ ተለቀቀ። ትሉ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው የመተማመን ዝርዝር ነበር፤ የያዘውን ማሽን ፋይል ከፍቶ «ማን ማንን ያምናል?» የሚለውን አነበበ፤ ወደዚያው ሄደ። በጊዜው በተሰጠው ግምት 6 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮች ተመቱ።

ትምህርቱ በከፊል ተወሰደ። አርሎጊን ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ቁጥርን እንደ መታወቂያ ማየቱ ግን ቀረ ማለት አይደለም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። የፋየርዎል ደንቦች ቁጥር ይዘው ተጻፉ። የሶፍትዌር ላይሰንስ ሰርቨሮች ቁጥር ጠየቁ። የጆርናል አሳታሚዎች ደግሞ «ከዚህ እስከዚህ ባለው አይፒ የሚመጣ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው አንባቢ ነው» አሉ፤ የካምፓሱ ቁጥር የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ሆነ። መምህሩ ቤቱ ሲገባ ቁልፉ ከእጁ ይወጣል። ክሪስ ዛጋር የተባለ የአሪዞና የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በ1999 ኢዚፕሮክሲን የሠራው ለዚህ ነው፤ ከውጭ ያለውን አንባቢ በካምፓሱ ቁጥር አልብሶ ወደ አሳታሚው የሚልክ ሶፍትዌር። ቋሚ አይፒ ለምን አልሞተም ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ነው። አንድ ማሽን ቁጥሩን ባይወደውም፣ ቁጥሩን በልቡ ያጠኑ ሌሎች ማሽኖች በዙሪያው ተቀምጠዋል።

ቁጥር ማደሉን ለማሽን የማስረከቡ ሥራም የተሠራው ግቢ ውስጥ ነው። በ1984 ከስታንፎርድ ራርፕ የተባለው ወጣ፤ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ሲነሳ «ቁጥሬ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ነበር። በ1985 ቡትፒ ተከተለ። ሁለቱም የሚመልሱት አስቀድሞ በእጅ ከተጻፈ ሠንጠረዥ ነበር። በ1993 ከፔንሲልቬንያው ትንሽ የባክኔል ዩኒቨርሲቲ ራልፍ ድሮምስ ዲኤችሲፒን ደንብ አድርጎ አወጣ። አዲሱ ነገር ኪራይ ነው። ቁጥሩ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጣል፤ ተከራዩ ካላደሰ ለሌላ ይተላለፋል። ቋሚ ቁጥር የሚያስፈልገው ማሽን ደግሞ በኔትወርክ ካርዱ ላይ በታተመው የማክ አድራሻ ይመዘገብና ሁልጊዜ ያው ቁጥር ይደርሰዋል። ባለሙያው ፕሪንተሩ ፊት ተንበርክኮ ቁጥር በአዝራር ከማስገባት ተገላገለ።

ሆኖም ዲኤችሲፒ ማንን እንደሚያከራይ አይጠይቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተማሪው ሁሉ ኮምፒውተሩን ይዞ ዶርም ሲገባ ይህ ራስ ምታት ሆነ። ቴክሳስ ያለው ሳውዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ኔትሬግ የሚባል ብልሃት አመጣ፤ ያልታወቀ ማሽን ሲሰካ የትኛውንም ድረ ገጽ ቢጠራ አንድ የምዝገባ ቅጽ ብቻ ይመጣለታል፤ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ማክ አድራሻው ከስሙ ጋር ይታሰራል። ካርኔጊ ሜለንም በተመሳሳይ ስም የራሱን ሥርዓት ሠራ። ጥቅሙ በኦገስት 2003 ታየ። ብላስተር የሚባለው ትል ኦገስት 11 ወጣ፤ የአሜሪካ ተማሪዎች ወደ ግቢ የሚመለሱት ልክ በዚያ ሰሞን ነው። መዝገብ የነበረው ዩኒቨርሲቲ የታመመውን ቁጥር አይቶ የተማሪውን ስም አውጥቶ ደወለለት። መዝገብ ያልነበረው የስዊች ቀዳዳ እየቆጠረ፣ ኬብል እየተከተለ በየዶርሙ በር አንኳኳ።

ቁጥሩ ራሱ ማለቅ የጀመረውም በዚያው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 የመደብ ክፍፍሉ ቀርቶ መሬቱ በሚፈለገው ልክ ይቆረጥ ተባለ። በ1994 ደግሞ ማንም በግቢው ውስጥ ያለ ፈቃድ ሊጠቀምባቸው የሚችል የግል ቁጥሮች ተለዩ። ከእነሱ ትልቁ በ10 የሚጀምረው ነው። ይህ ቁጥር ባለቤት ነበረው፤ የራሱ የአርፓኔት ቁጥር ነበር። አርፓኔት በ1990 ሲዘጋ ቤቱ ባዶ ቀረ፤ ለሕዝብ ተለቀቀ። የፋይንለር ማዕከል ኮምፒውተር ይዞት የነበረው 10.0.0.51 ዛሬ በየግቢው የአንድ ተራ ፕሪንተር ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ወደ ኢንተርኔት በገባችበት በ1997 ሰፋፊዎቹ ቦታዎች ተይዘው አልቀው ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በ2000ዎቹ ሲበዙና በኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ መያያዝ ሲጀምሩ የኤምአይቲን የመሰለ ርስት ሊጠብቃቸው አይችልም ነበር። ያልተነገረው መዘዝ ይሄ ነው፦ በ10 ቁጥር የሚኖር ግቢ ወደ ውጭ ሲወጣ ሺህ ተማሪ አንድ የውጭ ቁጥር ይጋራል። ከውጭ ቅሬታ ሲመጣ ወደ አንድ ተማሪ ለመድረስ የውስጡን ቁጥር ከውጭው የሚያዛምደው የራውተሩ የትርጉም ምዝግብ በሰዓቱ ተቀምጦ መገኘት አለበት። ሰፊ መሬት ካለው ይልቅ የሌለው ነው መዝገብ አጥብቆ መያዝ ያለበት። ለዚያ ግን የሚመደበው የሰው ኃይል ከሁሉ ያነሰ ነው።

ባለርስቶቹስ? ስታንፎርድ በ2000 በ36 የሚጀምረውን ርስቱን መለሰ፤ ለዚያ ግን ግቢውን በሙሉ ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወር ነበረበት። ኤምአይቲ እስከ 2017 ቆየ፤ ከ16 ሚሊዮኑ 14 ሚሊዮን ያህሉ ተነክቶ የማያውቅ መሆኑን ገልጾ ቢያንስ 8 ሚሊዮኑን ለመሸጥ ወሰነ። በነጻ የተሰጠ ቁጥር ዋጋ ሲያወጣ መዝገቡም ዋጋ አወጣ። በ2019 በአፍሪካው የአድራሻ መዝገብ፣ በአፍሪኒክ፣ ከውስጥ መረጃ እየተቀየረ ቁጥሮች ወደማይገባቸው እጅ መግባታቸው ተጋለጠ፤ ተቋሙ ራሱ ባደረገው ማጣራት የተነኩትና የተጠረጠሩት ወደ 4 ሚሊዮን ደረሱ። ለዚህ አንድም ኬብል መቁረጥ አላስፈለገም፤ የባለቤት ዓምድ ላይ ሌላ ስም መጻፍ በቃ።

አይፒ ስሪት 6 እጥረቱን ይፈታል፤ ከ1995 ጀምሮ ደንብ ሆኖ ተቀምጧል። ለግቢው መዝገብ ግን አዲስ ፈተና ይዞ መጣ። አንድ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ብዙ አድራሻ ይይዛል፤ ከ2001 ወዲህም ለግላዊነት ሲባል በየጊዜው ይቀያይራቸዋል። ቀጥሎ ስልኮቹ መጡ። አንድሮይድ በ2019፣ አይፎን በ2020 ለየዋይፋዩ የተለያየ የማክ አድራሻ መፍጠርን የተለመደ አሠራር አደረጉት። በማክ አድራሻ ላይ የቆመው የኔትሬግ ዘመን በዚህ አበቃ። ግቢዎች አሁን የሚጠይቁት የማሽኑን ሳይሆን የሰውየውን ስምና የይለፍ ቃል ነው። ለተማሪው ጥሩ ነው፤ ለላብራቶሪው ማይክሮስኮፕ፣ ለበር ካሜራው፣ ለጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ ግን የይለፍ ቃል የሚያስገባ ጣት የለም። ቋሚ ቁጥር የቀረው ለእነዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰጣቸው የሚነካቸው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ቋሚ ቁጥር የማይቀርለት ራሱ የስም ሰርቨሩ ነው፤ ስም የሚፈታውን ማሽን በስሙ መፈለግ አይቻልም። የዲኤንኤስ ሥር ከሚባሉት 13 የስም ሰርቨሮች አንዱን፣ ዲ የተባለውን፣ የሚያስተዳድረው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰርቨሩ ለዘመናት በግቢው በራሱ ቁጥር፣ በ128.8.10.90፣ ይሠራ ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 2013 ወደ 199.7.91.13 ተዛወረ። ማስታወቂያው አስቀድሞ ተነግሯል፣ አዲሱ ዝርዝር ለሁሉም ተሰራጭቷል፣ አሮጌው ቁጥርም ቢያንስ ለስድስት ወር መልስ መስጠቱን እንደሚቀጥል ተገልጿል። ከዝውውሩ በኋላ ትራፊኩን የለኩ ተመራማሪዎች አዲሱን ቁጥር እየጠየቁ፣ አሮጌውንም መጠየቅ ያልተዉ በርካታ ማሽኖች አገኙ። የእነዚያ ማሽኖች ባለቤቶች እነማን ይሆኑ?